አማቱን የማይቀድም ሯጭ

ምንይሉን አማቱ በእግራቸው ሲቀድሙት የታየው በገበያ ቀን ስለነበር፣ በመንዟ የመሐል ሜዳ ከተማ ወሬውን ያልሰማ ሰው አልተገኘም።

ምንይሉ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ሯጭ ነው፤ በወረዳው ውድድር ላይ ሁለት ጊዜ አሸንፏል። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሦስት ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የማራቶን ውድድር እንደሚደረግና ደህና የሮጡትን አንድ የከተማው የሩጫ ክለብ እንደሚወስዳቸው ሲሰማ፣ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ ጋ ሄዶ አሠልጥነኝ አለው።

«አሠለጥንሃለሁ» አለ ስንታየሁ። «ረጅሙን ሩጫ ግን በዝግታ ነው የምትሮጠው።»

«ምን ያህል ዝግ ልበል?»

«እየሮጥክ ከሰው ጋር ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው።»

ምንይሉ ትእዛዝ አክባሪ ነው። ዝግ በል ሲባል ከተባለውም በላይ ዝግ አለ። በዚያ የገበያ ቀን ከዘመሮ በሚመጣው መንገድ ዳገቱን እየወጣ ሳለ፣ የሚስቱ እናት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ገስግሰው ደረሱበት። እንደ አገሩ ደንብ አማቻቸውን አንቱ ነው የሚሉት።

«እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

«ምነው፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። እየሮጥኩ ነው።»

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ፊቱን አዩ። «ይማርዎ» አሉና አለፉት።

ምንይሉ ፈጠን ብሎ ሊቀድማቸው ይችል ነበር። አማትን ገፍቶ ማለፍ ግን ነውር ነው። ስለዚህ ገበያው መሃል እስኪደርሱ ድረስ ከኋላ ከኋላቸው ተከተላቸው። ገበያተኛው ሁሉ ዶሮ የያዙ ሴትዮ ከፊት፣ ሯጩ ላቡን እየጠረገ ከኋላ ሲመጡ አየ።

የሚስቱ አባት አቶ ገብረየሱስ በዚያን ዕለት እራት አልቀመሱም።

«ልጄን የዳርኩት ለሯጭ ነው» አሉ። «አሁን ዶሮ የያዘች ሴት ቀደመችው።»

«ዶሮ የያዘችው ሴት እኮ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቅር ብሏቸው። «እኔም ብሆን ቀርፋፋ አይደለሁም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸው አባ ኪዳነ ወልድና ሁለት ሽማግሌዎች ምንይሉ ቤት ተቀመጡ። ስንታየሁም ተጠርቶ መጣ። የምንይሉ ሚስት ሰርካለም ጠላ ቀዳች።

«መምህር» አሉ አባ ኪዳነ ወልድ፣ «በዝግታ የሮጠ ሰው ፈጣን ይሆናል ነው የሚሉት?»

«አዎ፣ አባቴ። ብዙ ሰዓት በዝግታ ሲሮጥ ልብ ይጠነክራል፣ እግርም ርቀቱን ይለምዳል። ሁልጊዜ የሚፈጥን ሰው ግን ድካሙ ሳይወጣለት ሌላ ድካም ይጨምርበታል። በመጨረሻም ይጎዳል።»

«እኔ በዝግታ ቀድሼ አውቃለሁ» አሉ አባ። «ሕዝቡ ተማረረ እንጂ ፈጣን አልሆንኩም።»

«እኔም በዝግታ የሚያርስ በሬ አለኝ» አሉ አቶ ገብረየሱስ። «ከጥጃነቱ ጀምሮ ዝግተኛ ነው። እስከ ዛሬ አልፈጠነም።»

ስንታየሁ ጠላውን ጎንጨት አለ።

ሰርካለም ማድጋዋን አስቀምጣ፣ «እኔ ልናገር» አለች። «ድሮ ሲፈጥን እራቱ አፉ ውስጥ እያለ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። አሁን እየበላ ያጫውተኛል። እኔ ዝግታውን ወድጄዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሚስት ለባሏ ማድላቷ አይቀርም ብለው ቃሏን ሳይቆጥሩት ተመካከሩና ፈረዱ፦ ምንይሉ ሰው ባለበት ይፍጠን፣ ሰው በሌለበት ዝግ ይበል። ሁሉም አሜን ብሎ ተነሣ።

ፍርዱ ማንንም ያላስከፋ ነበር። ችግሩ፣ በመንዝ ሜዳ ሰው የሌለበት ቦታ አለመገኘቱ ነው። አንዱን ኮረብታ አለፍኩ ሲል ከወዲያኛው ላይ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና ብለው ያያሉ። ስለ ችሎቱ የሰማው ደግሞ ሆን ብሎ ሊያየው ከቤቱ ይወጣል። ምንይሉ ፈጠን፣ ዝግ፣ ደግሞ ፈጠን እያለ ጥቂት ቀን ከታገለ በኋላ ተስፋ ቆርጦ መንገዱን ሁሉ ይበር ጀመር።

ወር ሳይሞላ ጭኑ እንደ እንጨት ደረቀ፤ የምግብ ፍላጎቱም ጠፋ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቋሚያው ላይ ተደግፎ እንደቆመ አንቀላፋና ፊት ለፊቱ የቆሙት ሰው ላይ ወደቀ። ሰውየው አቶ ገብረየሱስ ነበሩ።

«በቃ፣ እኔ ትቻለሁ» አለ ስንታየሁ፣ ምንይሉ እያነከሰ ሲመጣ ባየ ጊዜ። «አንድ ሯጭ ከነሽማግሌዎቹ ማሠልጠን አልችልም።»

ያን ጊዜ ሰርካለም አንድ ሐሳብ አመጣች። «አባባ ሰጋር በቅሎ አላቸው። እማዬ ይቀመጡባትና እሱ አጠገባቸው ይሩጥ። አማትን መቅደም ነውር ነው፤ ማጀብ ግን ክብር ነው። ማን ይስቃል?»

ስንታየሁ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። በቅሎዋ ስትሰግር ለማየት ሄዶ ሰዓቱን እያየ ጎን ለጎን ከሮጠ በኋላ ግን፣ «እኔ የምፈልገው ፍጥነት ይኸው ነው» አለ።

ምንይሉ ጥቂት ሳምንት አርፎ ጀመረ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በበቅሎ፣ እሱ በእግሩ ሲያልፉ የሚያያቸው ሁሉ፣ «አማች ማለት እንዲህ ነው!» እያለ አደነቀ። አቶ ገብረየሱስ ደስታቸው ወሰን ስላጣ የበዓል ኮርቻቸውን አውጥተው ሰጡ።

ርቀቱን እወስናለሁ ያለው ስንታየሁ ግን አልቀናውም። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በእግር መድረስ አቅቷቸው ለዓመታት ያልጠየቋቸው ዘመዶች ነበሯቸው። አንድ ሳምንት እህታቸው ጋ፣ በሚቀጥለው የክርስትና እናታቸው ጋ፣ ከዚያም የአጎታቸው ልጅ ተዝካር ላይ፤ ዘመዱ በራቀ ቁጥር ሩጫውም ረዘመ። መጀመሪያ ሁለቱም ተፋፍረው ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የሚያወሩት። እየቆየ ግን ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የዘመዶቻቸውን ጠብ ከነምክንያቱ ይነግሩት፣ እሱም ሳያለከልክ፣ «ጥፋቱ የእርሳቸው ነው» እያለ ይፈርድ ጀመር። የእሳቸው አንቱታ ቀርቶ «አንተ ልጅ» ማለት የመጣው ያኔ ነው።

የውድድሩ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ከዋዜማው በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ገባ። ተኩሱ ሲሰማ ወጣቶቹ እንደ ፌንጣ ተስፈነጠሩ። ምንይሉ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር። አቶ ገብረየሱስ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና፣ «ከእኛ ጋር ነው እንዳትሉ» አሉ።

ሯጮቹ ከከተማው ወጥተው በዚያው መንገድ ሲመለሱ ነገሩ ተለውጦ ነበር። ከፊት የነበሩት አንዱ ጎኑን ይዞ ይራመዳል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ምንይሉ እንደ ጀመረው ነው፤ እንዲያውም ጨምሯል። አንድ በአንድ እያለፈ መጣ።

«አይዞህ ልጄ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከመንገዱ ዳር።

ምንይሉ ድምፃቸውን ሲሰማ ልማዱ ያዘውና ዝግ አለ። እጅ ነሥቶም፣ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አላቸው። ሁለት ሯጮች አለፉት። ስንታየሁ ራሱን ያዘ።

«ሂድ! ቅደመኝ!» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በሁለት እጃቸው ወደፊት እየገፉት። «ፈቅጃለሁ፣ ሂድ!»

ከሁለቱ አንዱን ደርሶ አለፈው። አምስተኛ ወጣ፤ ክለቡም እሱን ጨምሮ ስድስት ሰው ወሰደ። ሰርካለም እዚያው አስፋልቱ ላይ እልል አለች። አቶ ገብረየሱስም ነጠላቸውን ገልጠው የማን አባት እንደሆኑ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይነግሩ ጀመር።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ አቶ ገብረየሱስ፣ ልጁን ለዚህ ያበቃው የሽማግሌዎቹ ፍርድ እንደሆነ ለተሳፋሪው ከፍ ባለ ድምፅ አስረዱ። ስንታየሁ መስኮቱን ተደግፎ መንገዱን ያይ ጀመር። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ምንይሉ እንግዲህ ደብረ ብርሃን ሊኖር ነው» አሉት። «ሌላ የምታሠለጥነው ልጅ የለህም?»

«ለምን ፈለጉት?»

«ወደ ላሎ ምድር በኩል ገና ያልጠየቅኳቸው ዘመዶች አሉኝ።»