በጓድ ገላው ጠረጴዛ ላይ የቆመው ፈረሰኛ

ወልደ ኪዳን ንዴቱ የመጣበት «እሺ ጓድ» ካለ በሦስተኛው ቀን ነው። ቢቸና፣ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ እንስራ እየሳለ ሳለ እጁ በድንገት ቆመ። ጠመኔው በጣቶቹ መሃል ተሰበረ። ተማሪዎቹ የእንስራውን ጆሮ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን የሚሰማው የገዛ ራሱን ድምፅ ነበር። «የማንም አይደለም ጓድ፤ ዝም ብሎ ፈረሰኛ ነው።» ብሎም ፈረሰኛውን ለጓድ ገላው በሁለት እጁ ነው ያቀበለው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚያቀብሉት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቢቸና ተመድቦ የነበረ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም እሁድ እሁድ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ የሚሠራው ሥራ ነበረው። ሬዚን ከሚባል፣ እንደ ቀንድ ከጠነከረ ግራጫ ነገር የወጡ ትናንሽ ሰዎች በካርቶን ይላኩለታል፤ ራሳቸው ለብቻ፣ ክንዳቸው ለብቻ፣ እግራቸው ለብቻ ሆኖ። ሐኪሙ ትርፉን በምላጭ ይከረክማል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ሲያልቅ ከመሃል ጣት የማይረዝም ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የስዕል መምህሩ ወልደ ኪዳን አንድ እሁድ ለሰላምታ ገብቶ አየ፤ ከዚያ ወዲያ እሁድ ቀርቶ አያውቅም። ሐኪሙ አገሩ ሲመለስ አራት ያልተከፈቱ ካርቶኖች፣ የጠርሙስ ክዳን የሚያካክሉ የቀለም ጣሳዎችና ሦስት ብሩሽ ትቶለት ሄደ።

ሚስቱ ሙሉዬ መጀመሪያ ሳቀችበት። «ይህን ያህል ጢም አብቅለህ አሻንጉሊት ታለብሳለህ?» አለችው። የመጀመሪያውን ሲሠራ ክንዱን ገልብጦ አጣበቀው። የሁለተኛውን ቀለም አወፍሮ ዓይኑን እንደ ጉጉት አፈጠጠው። በሦስተኛው ላይ ግን ገባው፦ ቀለም በላምባ ይቀጥናል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም፤ ዓይን የሚሣለው በመርፌ ጫፍ ነው፣ ትንፋሽ ተውጦ።

አራተኛው ፈረሰኛ ነበር። ካርቶኑን ሲከፍት ልቡ ዘለለ። ሰውየው ፈረንጅ ነው፤ የራስ ቁር ደፍቷል። አቀማመጡ ግን፣ ወደ ግራ ዘመም፣ ልጓሙን ላላ አድርጎ፣ ቁርጥ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር።

ኃይለ ጊዮርጊስ የታላቅ እኅቱ የወለተ ሥላሴ ባል ነው። ሞጣ ላይ መምህር ነበር፤ በጥምቀት ጉግስ ደግሞ እሱን የሚደርስበት አልነበረም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ገላው የሚባል ካድሬ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጥቶ ከምሳ ገበታ ላይ አስነሣው። «ለጥያቄ ነው፤ ማታ ይመለሳል» ተባለ። አልተመለሰም። ለማስረጃ ነው ብለው የፎቶግራፍ ሣጥኑንም አብረው ወሰዱት። እኅቱ የቀራት ልብሱ ብቻ ነው፤ የፊቱ ምስል እንኳ በቤቷ የለም።

ወልደ ኪዳን በዚያ ፈረሰኛ ላይ ሰባት ወር ፈጀ። የራስ ቁሩን ሞርዶ ጎፈሬ አወጣለት። የፈረንጁን ፊት ፍቆ አጠፋ፤ ከሙረዳው የወጣውን ብናኝ በማጣበቂያ አቡክቶ ጉንጩን እንደገና ሠራ። ለጋቢው ስስ ወረቀት በማጣበቂያ ነክሮ እጥፋት በእጥፋት አለበሰው። ከግራ ቅንድቡ በላይ ከፈረስ ወድቆ ያገኛትን ጠባሳ በመርፌ ጫፍ ሳላት። ያን ቀን ሙሉዬ ቀረብ ብላ አየችና «ውይ፣ ጋሼ ኃይሌ!» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችበትም። ለመጪው ጥምቀት ወስዶ ለእኅቱ ሊሰጣት ነበር ሐሳቡ።

ሰኔ ላይ ግን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተባለና ለኤግዚቢሽን የእጅ ሥራ የሚሰበስብ ኮሚቴ ከሞጣ መጣ። መሪው ገላው ነበር። ዛሬ ጓድ ገላው ነው፤ ወፍሯል፣ ባለ መኪና ሆኗል። ርእሰ መምህሩ ሊኮሩበት ፈልገው «ወልደ ኪዳን ተአምር ይሠራል» አሉ። ፈረሰኛው ከቤት ተጠርቶ መጣ። ገላው በጣቶቹ መሃል አዟዟረው፤ አፍጥጦ አየው። ከወሰዳቸው ሰዎች ብዛት ፊት ለይቶ አያውቅም።

«የማን ምስል ነው?»

ወልደ ኪዳን የመለሰውን መለሰ፤ «እንወስደዋለን» ሲባልም «እሺ ጓድ» አለ፤ ፈረሰኛውም ሄደ።

ኤግዚቢሽኑ አለቀ፣ መስከረም አለቀ፣ ፈረሰኛው አልተመለሰም። ጥቅምት ላይ ከሞጣ የመጣ አንድ መምህር «ያ ሥራህ እኮ ጓድ ገላው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል» አለው፤ ደስ የሚያሰኘው መስሎት። ወልደ ኪዳን በማግሥቱ ወደ ሞጣ አውቶቡስ ተሳፈረ። እስከ ደብረ ወርቅ ቆሞ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ያጠና ነበር፦ «ጓድ፣ ኤግዚቢሽኑ ስላለቀ፣ ፈቃድዎ ቢሆን…» በራሱ ላይ ቢናደድም ምላሱ ገና ያጎነብስ ነበር።

«ኦ፣ መምህር! ግባ፣ ግባ» አለ ገላው ከቢሮው ጠረጴዛ ኋላ ሆኖ።

ፈረሰኛው ከስልኩ አጠገብ ቆሟል። ግን ነጩ ጋቢ የለም። ከአንገቱ እስከ እግሩ ወፍራም የቡላ ቀለም ተለድፎበታል፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ኮከብ ተስሏል። ጠባሳዋ ከኮከቡ ሥር ሰጥማለች። ከታች፣ እንጨት ላይ፣ «የአብዮቱ ጠባቂ» የሚል ተጽፏል። ወልደ ኪዳን ወደ በሩ ዘወር ብሎ አየ። ቀለሙ ያው ነው። በር የተቀባበት ቀለም ነው።

«ማን ነው የቀባው?»

«ቀቢ ጠርተን ነዋ። ነጩ ልብስ ፊውዳል አስመሰለው። አሁን አላማረም?»

ወልደ ኪዳን ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «ያን ቀን የማን ምስል ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር» አለ።

«እና?»

«ዋሽቼ ነው። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው።»

ገላው ፈረሰኛውን አየ፤ ከዚያ መምህሩን አየ። ግንባሩን ቋጥሮ ከልቡ ለማስታወስ ሞከረ። «ኃይለ ጊዮርጊስ የቱ?» አለ።

ወልደ ኪዳን ለቁጣ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለክሕደትም፣ ለሽጉጥም። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ደሙ እስከ ጆሮው ወጣ። «እርስዎ» ማለቱንም ረሳ።

«የቱ? ከምሳ ገበታ ያስነሣኸው ነዋ! እጁን እንኳ ሳይታጠብ የነዳኸው! ለመሆኑ ስንት ኃይለ ጊዮርጊስ ነው የበላኸው፣ የቱ ብለህ የምትጠይቀኝ?»

ከውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ወልደ ኪዳን ፈረሰኛውን አፈፍ ሲያደርግ ገላው እጁን ያዘው፤ በግብግቡ የፈረሱ የፊት እግር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ዘበኞች ሲገቡ ወልደ ኪዳን ፈረሰኛውን ኪሱ ከቶት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ሲፈተሽ ፈረሰኛው ከኪሱ ወጣ፤ ዘበኛው «አሻንጉሊት ነው» ብሎ መለሰለት። ወልደ ኪዳን በየቀኑ፣ በእስር ቤቱ ቀዳዳ በምትገባው ብርሃን፣ የበሩን ቀለም በጥፍሩ ፋቀ። ጥፍሩ ሲያልቅ በማንኪያ ጫፍ ፋቀ። ግን ቀለም ከቀለም አይለይም፤ የገላውን ሲያነሣ የራሱም አብሮ ይነሣል። ጋቢው ተቀደደ፤ ጠባሳዋም ሄደች። በመጨረሻ በእጁ የቀረው ግራጫ፣ እርቃኑን የሆነ ሰው ነበር። በየቀኑ ስንቅ ያመጣችለት ወለተ ሥላሴ ናት። ለዘበኛው ትሰጣለች፣ ባዶ ሳህን ትቀበላለች፣ ትሄዳለች። «እንዴት ነህ በሉልኝ» እንኳ አላለችም።

ሽማግሌዎች ገብተው ተፈታ፤ ለቅጣትም ወደ ደብረ ኤልያስ ተዛውረሃል ተባለ። በቀጥታ ወደ እኅቱ ቤት ሄደ። ፈረሰኛውን ገበታው ላይ አቆመላት፤ እግሩ ስለተሰበረ ጠርሙስ አስደገፈው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷ አልተቀመጠችም።

«ሰባት ዓመት» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስሙን አንሥተህ አታውቅም። ስትመጣ ስለ ዝናብ ታወራለህ፣ ስለ ጤፍ ታወራለህ፣ በልተህ ትሄዳለህ። በየእስር ቤቱ ደጅ ስንከራተት ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ለቀለም ብለህ ታሰርክ!»

«ፈርቼ ነው እታለም።»

«እኔስ? እኔ ያልፈራሁ ይመስልሃል?»

ወለተ ሥላሴ ፈረሰኛውን ብድግ አደረገችና ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ጀርባዋን ሰጥታው የፈረሰኛውን ፊት በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ወልደ ኪዳን ቀርቦ ሊይዛት ፈልጎ አልደፈረም።

«አፍንጫው የሱ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

አሁን ወልደ ኪዳንም ተናደደ። «ሰባት ወር ነው የለፋሁበት!»

«አሥራ አንድ ዓመት ነው ከጎኑ የተኛሁት! እዚህ ላይ ጎበጥ ይላል፤ ጫፉ እንዲህ አይሾልም።» ወደ ጓዳ ገብታ ምላጭ ይዛ ወጣችና ከፊቱ አስቀመጠች። «አስተካክል።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ።»

ምላጩን አነሣ። ወደ ቢቸና የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲነፋ ሁለቱም ሰሙ፤ ማንም አልተነሣም። እሷ ከትከሻው በላይ ቆማ ጣቷን ትቀስራለች።

«ከግራ። ግራ አልኩህ እኮ!»

«ከዚህ በላይ ከፋቅሁት ይሰበራል እታለም።»

«ዝም ብለህ ፋቅ» አለችው፤ ቁጣዋ አልበረደም። «ስታበዛው እነግርሃለሁ።»