ማልደው የመጡ እንግዶች

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓ.ም. ክረምት እነደርቤ ቤት ከኮሮና ቀጥሎ የሚፈራው የሕሊና ጥያቄ ነበር። ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደባርቅ ያሉት ትምህርት ቤቶች በመጋቢት ሲዘጉ ጥያቄዋን የሚካፈል መምህር ታጣና ሁሉም በእናቷ በዘቢደር ላይ ወረደ። ቫይረሱ ዓይን አለው? ከሌለው ማን ጭምብል እንዳላደረገ በምን ያውቃል? ጭላዳ ዝንጀሮንስ ይይዘዋል? ከያዘውስ ለይቶ ማቆያ የሚያስገባው ማን ነው? ዘቢደር እስከ ምሳ ሰዓት ትታገስና፣ "አባትሽ ሲመጣ ጠይቂው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነው" ብላ ትገላገላለች።

እውነትም አባቷ ደርቤ የጤና ባለሙያ ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ከገበያው እስከ መናኸሪያው እየዞረ "አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ" ሲል ይውላል። ማታ ቤት ሲገባም ድምፁ አይቀንስለትም። በራፉ ላይ ቧንቧ ያበጀለትን ጀሪካን ሰቅሎ፣ እጁን ሳይታጠብ የሚያልፍ ዘመድም ቢሆን ከደጅ ይመለሳል ብሎ ደንግጓል። ደርቤ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም አላውቅም ብሎ አያውቅም።

በሌላው ዓመት ክረምት ሲገባ ቤተሰቡ ተነሥቶ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ወደምትኖረው የደርቤ ታላቅ እህት ወደ ወለተ ጊዮርጊስ ይሄድ ነበር። እሸት ባይደርስም ወተቱ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨዋታ አዋቂው ፀጋው አለ። ፀጋው የወለተ ጊዮርጊስ አንድ ልጇ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ። የሕሊናን ጥያቄ ሳይሰለች የሚመልስላት እሱ ብቻ ነው፤ ካላወቀ ደግሞ ፈጥሮ ይነግራታል። ዘንድሮ ግን ፀጋው ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል፣ አባቷም ዘመድ ጥየቃ የሚባል ነገር የለም ብሏል። ሕሊና አኮረፈች፤ ኩርፊያዋ ግን ከግማሽ ቀን አላለፈም፤ ያኮረፈ ሰው መጠየቅ አይችልማ።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ከሰዓት የአባቷ ስልክ ጮኸ። ደርቤ ቁጥሩን አየና ዝናቡ እየወረደ ወደ ደጅ ወጣ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚችል ሰው ዝናብ ውስጥ ለምን ይወጣል? ሕሊና ከመስኮቱ ሥር ሄዳ ተለጠፈች። ፀጋው የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ ሰማች፤ የቀረውን ዝናቡ በላው። ከዚያ በኋላ ዘቢደር ሰላም አላገኘችም። ማታም ጠዋትም ስትጠየቅ ውላ አድራ በመጨረሻ እጅ ሰጠችና ነገሩን ነገረቻት።

ፀጋው ከመተማ ሲመለስ ጎንደር ላይ ማቆያ አስገብተውት ኖሯል። ሲመረመር በሽታው ተገኘበት። ደህና ነው፤ ትንሽ ያስለዋል፣ ሽታ አይለይም፣ በቃ። ለእናቱ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለላትም። ድምፄን ከሰማች ታውቅብኛለች ብሎ ፈርቷል። አጎቱንም ለእማ በስልክ እንዳትነግራት ብሎ ለምኖታል። ልመናውም አያስፈልግም ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ ደም ግፊት አለባት። የዛሬ ሁለት ዓመት የባሏን ሞት አንድ ጥንቃቄ የሌለው ዘመድ በስልክ አርድቷት እርሻ መሐል ወድቃ፣ ነፍሷ የተመለሰው በስንት መከራ ነው። ያን ቀን ከጭቃ ላይ ያነሣት ደርቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም የሚለው ቃል ለእሱ እንደ ሃይማኖት ሆነ።

ዝም ብሎ እንዳይቀመጥም ወሬው በገበያተኛ አፍ ተጋኖ ቢደርሳት የባሰ ነው። ስለዚህ ደርቤ አንድ ዘዴ አሰበ። ብቻውን ቢሄድ ትደነግጣለች፤ እንደ ሌላው ክረምት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ቢሄድ ግን ዘመድ ጥየቃ ይመስላል። ዳባት ሲደርሱ ደግሞ የንስሐ አባቷን ቄስ መልከ ጼዴቅን ይጨምራሉ፤ እሳቸው በቃለ እግዚአብሔር አለሳልሰው ይነግሯታል። እሷም ሳትደነግጥ ትሰማለች። ሕሊናን አስቀምጦ ትንፍሽ እንዳትል ቃል አስገባት።

ሕሊና ቃል ገባች፤ አንድ ነገር ግን አልገባት አለ። ልጅሽ ታሟል፣ እየተሻለው ነው ለማለት አራት ሰው ምን ያደርጋል?

ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ ለመድረስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዳባት ሲደርሱ ቄሱ ጥላቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው ቆመው ጠበቋቸው። ደርቤ ከሩቁ እጅ ነሥቶ አዲስ ጭምብል ሰጣቸው፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ ጢማቸውን ከተቱበት። ከዚያ መንገዱ በእግር ነው። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ዘቢደር የነጠላዋ ጥለት እንዳይበላሽባት ገልብጣ ወደ አንገቷ አደረገችው። ቄሱ ከፊት፣ ደርቤ ቀጥሎ፣ እናትና ልጅ ከኋላ ሆነው በዝምታ ወጡ፤ በጭምብል እያወሩ ዳገት መውጣት አይቻልም።

ፀሐይ ገና ከደመናው አልተላቀቀችም። በማሳው ላይ ጎንበስ ብለው የሚያርሙ ሰዎች ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። አንዱ ቆቡን አወለቀ። አንዲት ሴትዮ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሁሉም አረማቸውን እየተዉ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ከኋላ ከኋላቸው መከተል ጀመሩ። ሕሊና ዞር ብላ ብትቆጥር አሥራ ሁለት ደርሰዋል።

ለምን እንደሚከተሏቸው አባቷን ጠየቀችው።

"ያውቁኛል እኮ" አለ ደርቤ ደስ ብሎት። "ስለ በሽታው ትምህርት እንድሰጣቸው ፈልገው ነው።"

ወለተ ጊዮርጊስ ከጓሮዋ ጎመን ቀንጥሳ በክንዷ እንደታቀፈች ከበሩ ላይ አገኟት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጣ መጥታ ጉንጫቸው እስኪቀላ ትስማቸው ነበር። አሁንም ፊቷ በራ፣ አንድ እርምጃም ተራመደች። ደርቤ መዳፉን ወደ ላይ አንሥቶ አስቆማት።

"እታለም፣ እዚያው ሁኚ፤ አትምጪ" አለ። "መጀመሪያ ቁጭ በይ።"

አልተቀመጠችም። ቄሱን አየች። የዘቢደርን ነጠላ አየች። የሸፈኑትን ፊት አንድ በአንድ አየችና ከኋላቸው ወደተኮለኮለው ጎረቤት ዓይኗን አሻገረች። ሕሊና የአክስቷ ፊት ሲለወጥ አየች፤ ለምን እንደሚለወጥ ግን አልገባትም።

ቄስ መልከ ጼዴቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታሞ ስለዳነ ሰው ሊያስተምሩ አስበው፣ ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው የመረጡት ምሳሌ ነበራቸው።

"ልጄ፣ ጻድቁን ኢዮብን ታስታውሽዋለሽ" አሉ።

ጎመኑ ከክንዷ ወደቀ። "ልጄን" አለች ወለተ ጊዮርጊስ፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ጮኸች።

በዚያ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ ሰው የለም። በማለዳ፣ ሐዘንተኛዋ እህል ሳትቀምስ ይመጣል። የንስሐ አባት ይቀድማል። አብራ የመጣች ሴት ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች። ሰላምታ የለም፣ መሳሳም የለም፤ መጀመሪያ ቁጭ በይ ይባላል። ጎረቤትም መርዶ ነጋሪ ሲያልፍ ባየ ጊዜ ሥራውን ጥሎ ይከተላል፤ ባለቤቲቱ ብቻዋን እንዳትጮህ። ደርቤ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላጎደለም። ሙሉ ክረምት ቢያጠና እንኳ እንዲህ አምሮ ባልተሳካለት ነበር።

የተከተለው ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ጎረፈ። ከማንም ቀድማ የደረሰችው የአጥር ጎረቤቷ ገዱ ነበረች፤ ወለተ ጊዮርጊስን አንገቷን አንቃ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥማ አብራት ታለቅሳለች። ሌሎቹም ከበቧት። አራት ወር ሙሉ ሲለፈፍበት የኖረው ሁለት የአዋቂ እርምጃ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ደርቤ ተራራቁ እያለ ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም፤ ድምፅ ማጉያው ደባርቅ ቀርቷል። አልሞተም፣ ፀጋው አልሞተም ብሎ ቢጮኽማ ጭራሽ ባሰ። ልቡ አላምን ያለው ዘመድ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው፣ "አይዞህ ልጄ፣ ወንድ አይደለህ፣ እውነቱን ተቀበል እንጂ" አሉት። ቄሱም ኢዮብ በመጨረሻ ዳነ እኮ እያሉ ከወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ሕሊና መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ገርሟት ነበር፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታ አታውቅም። አክስቷ ደረቷን መምታት አቁማ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ስትይዝ ግን ፈራች። ወለተ ጊዮርጊስ በገዱ ክንድ ላይ ተንሸራታ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ነጥቷል። ደርቤ ሰውን በክርኑ ገፍትሮ ገባና፣ የከለከለውን ሁሉ ረስቶ፣ የእህቱን እጅ ይዞ የደም ሥሯን ይቆጥር ጀመር። ቁጥሩ እየጠፋበት እንደገና ይጀምራል። ሕሊና አባቷ ሲፈራ ያየችው ያን ቀን ነው።

በሰው እግር መሐል ሾልካ አጠገቡ ደረሰች። የገባችው ቃል ትዝ አላት፤ ግን ሁሉም አብቅቶለታል።

"አባዬ፣ ፀጋው ለምን ራሱ አይነግራትም?" አለችው።

ደርቤ ያልሰማ መስሎ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቁጥሩን እስኪያገኝ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ እህቱ ጆሮ አስጠጋው።

"ጋሼ ደርቤ" አለ ፀጋው፤ አሳለው። "ነገርካት እንዴ?"

የቅርቦቹ ዝም አሉ፤ የሩቆቹ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ወለተ ጊዮርጊስ ስልኩን አየችው እንጂ አልነካችውም። ድምፅ ይቀዳል፣ ድምፅ ማስቀረት ይቻላል እያለች ራሷን ነቀነቀች። ባሏ ከሞተ በኋላም ድምፁን ከስልክ አሰምተዋት ነበር።

"እማ? አንቺ ነሽ?" አለ ልጁ። "ምንድን ነው የምሰማው፣ ለቅሶ አይደለም እንዴ? እማ፣ ማን ሞቶ ነው?"

"አንተ" አለችው።

ግቢው ሁሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለና የሌሊቱ ዝናብ ጠብታ ከክዳኑ ሲወርድ ተሰማ። ሕሊና ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ጠጋ ብላ አየችው።

"እኔ አለሁ እማ" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። "ሽታዬ ነው የጠፋው እንጂ እኔ አለሁ።"

ወለተ ጊዮርጊስ ስልኩን ከወንድሟ እጅ መንጭቃ በደረቷ አቀፈችው። ከዚያ ወደ አፏ አምጥታ ትሰድበው ጀመር፤ ሦስት ሳምንት ዝም ያለውን አፉን፣ ያሳደገችበትን ቀን፣ መተማን፣ ሰሊጡን፣ አንዱንም ሳታስቀር። እሱ እሺ እማ፣ እሺ እማ ይላል። ስድቡ ሲያልቅባት ምን እንደበላ ጠየቀችው። ፀጋውም በተራው ስንት ሰው እንዳለቀሰለት ጠየቃት፤ ገዱ ከማንም ቀድማ እንደመጣች ሲሰማ ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነበት፣ እናቱም ሳሉን ጆሮዋን ደቅና አዳመጠች። የሞተ ሰው አይስልም። ያን ጊዜ ነው ያመነችው፤ ያን ጊዜም ነው ከንፈሯ ቀለሙ የተመለሰው።

የመጣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ጨንቆት ቆመ። ለቅሶ ያልሆነ ለቅሶ እንዴት ይበተናል? አንዳንዱ እንኳን ደስ አለሽ አለ፣ አንዳንዱ ደርቤን በጎሪጥ እያየ ወደ አረሙ ተመለሰ። ቄስ መልከ ጼዴቅ ጭምብላቸውን አውልቀው ጸሎት አደረሱ። ዘቢደር አንድ ሰው ሳያይብኝ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

ደርቤ ከእህቱ ፊት ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ ነው። የተናገረውን ሁሉም ሰማው፤ የባልሽ ሞት በስልክ ሲነገርሽ ከመሬት ያነሣሁሽ እኔ ነኝ እታለም፣ ሁለተኛ እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው አላት። ይህን ሲል እንባው ጭምብሉን አራሰው።

ወለተ ጊዮርጊስ ጭቃ የነካ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። አልተቆጣችም።

"በስልክ ብትነግረኝ ልጄ ታሞ ነበር" አለችው። "በእግርህ ስትመጣልኝ ሞተ። እኔ ዛሬ ፀጋውን ቀብሬዋለሁ ደርቤ። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ልጅሽ ሞተ ቢለኝ፣ እውነት ቢሆንም አላምነውም። ደጄ ቆሜ ልጄን እጠብቀዋለሁ።"

ተነሥታ የወደቀውን ጎመን መልቀም ጀመረች። ገዱም አብራት ጎንበስ አለች።

ሕሊና አባቷ ጎን ተቀመጠች። አክስቷ ያለችውን በሆዷ አገላበጠችው፤ ከየትኛው ወገን እንደምታየው ግራ ገባት።

"አባዬ፣ እውነት ቢሆንም አለማመን ደግ ነው ክፉ?" ብላ ጠየቀችው።

ደርቤ እህቱ ጎመኑን ስትለቅም አያት።

"አላውቅም ልጄ" አለ።