የግራው እግር ብቻ

...የግራው ብቻ፣ ቀኙ እንዳለ ነው፣ ቀኙ እንደ ድሮው ቀጭን ነው፣ የግራው ግን ከአኑሊ ጉልበት በታች ተወጥሮ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ምግባፎም ገና ዛሬ ያየችው ይመስል አፏን በእጇ ይዛ ታየዋለች፣ ውሸታም፣ ያየሽው ዛሬ ነው እንዴ? ባጃጁ ጉድጓድ ይገባል ይወጣል፣ አኑሊ፣ የወንድሟ ሚስት፣ ትከሻዋ ላይ ወድቃ ትተነፍሳለች፣ መተንፈስ ከተባለ፣ አጭር አጭር፣ ሮጦ እንደመጣ ሰው፣ ደግሞ የት ሮጣ፣ ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ከሰሌኑ ላይ መች ተነሳችና። ቀስ በል አንተ! ኧረ ፍጠን! ሹፌሩ በመስታወቱ ያያታል፣ እማማ፣ የቱን ልያዝ?

ፍጠን። ፍጠን በቃ።

ቀትር ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የአኑሊ እጅ ግን በረዶ ነው፣ የተላጨው ራሷ ምግባፎ አገጭ ስር ነው፣ የላጨቻትም ምግባፎ ናት፣ ደንብ ነው፣ የሟች ታላቅ እህት እያለች ማን ይላጫት ታዲያ። ኡሙአዳ እኮ ናቸው፣ የግቢው ሴት ልጆች፣ ተድረው በየአገሩ የተበተኑ፣ ወንድም ሲሞት ግን ተጠራርተው መጥተው ሚስቱን ሰሌን ላይ የሚያስቀምጡ፣ ተቀመጪ ሲሏት የምትቀመጥ፣ ብዪ ሲሏት የምትበላ፣ ሽማግሌ ይሁን ቄስ ማንም ወንድ በዚህ ነገር አፉን አያስገባም። ምላጩን ስታሳርፍ ጠንከር አድርጋ ነበር። ለምን? እንጃ። ኧረ ታውቂዋለሽ።

ባሏን በላች ብላ ነው። በአፏ አላለችም፣ ሲባል ግን ዝም አለች። ያ እግር ማበጥ ሲጀምር ሴቶቹ ፉፉአቸውን፣ የካሳቫ ገንፎውን፣ እያድበለበሉ ተንሾካሾኩ፣ አያችሁልኝ፣ ምድሪቱ ያዘቻት፣ ባሏን የገደለች ሴት እንዲህ ነው የምታብጠው። እና ምግባፎ፣ አንዴ ተው ብትል ሁሉም አፋቸውን የሚዘጉላት ምግባፎ፣ ጉርሻዋን የመራራ ቅጠሉ ወጥ ውስጥ ነክራ ዋጠች። ደግሞ ጣፈጣት። እግዜር ይይልሽ፣ ጣፈጠሽ።

እትዬ፣ ባቴን ያቃጥለኛል፣ ትንሽ ልነሳ? ተቀመጪ፣ ወንድሜ ከተኛበት አልተነሳ፣ አንቺ ወዴት ነው የምትነሺው? እትዬ፣ ስነካው ያመኛል፣ አንዱ ብቻ ነው፣ እዪልኝ እስቲ። ለቅሶ ነው፣ የተቀመጠ ሰው እግር ያብጣል፣ አንቺን ብቻ አደረገው? የእኔም ያብጣል። እውነቷን ነው፣ ያብጣል፣ የደረቀ ዓሣዋን ስትሸጥ ቆማ ውላ ስትገባ ጫማው አልወልቅ ይላል፣ ትራስ ላይ ሰቅላው ታድርና ጠዋት ጎድሎ ታገኘዋለች፣ ልጇን ስታረግዝም አብጦ ነበር፣ ወለደች፣ ጎደለ፣ እግር ማበጥ ማለት ለእሷ ይኸው ነው፣ መጥቶ የሚሄድ ነገር። የሰው ሁሉ እግር የእሷ እግር መሰላት።

ለወንድሟ ለኡዞንዱም ይህንኑ አለችው።

አይ። እሱን አሁን አታንሺ፣ አሁን ይቺን አድርሺ፣ አኑሊ፣ አኑሊዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እሰማለሁ እትዬ፣ ደረቴን ወጋኝ፣ ስተነፍስ ይወጋኛል። ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ አይደለም፣ ገና ድልድዩም አልታየም። ያኔ ኡዞንዱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ነይ እዪ ምግባፎ፣ እግሬ ሊጥ ሆነልሽ፣ ብሎ ሳቀ፣ ሁለቱም እግሩ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም በላይ፣ አውራ ጣቷን አጥንቱ ላይ ተጫን አደረገችው፣ ሰመጠ፣ ሳቁ፣ እንደ ልጅነታቸው ሳቁ፣ ስቀው ሲጨርሱ ጉድጓዱ እዚያው ነበር፣ አልሞላም። አኑሊ በሩ ላይ ቆማ አልሳቀችም። እትዬ፣ ጋደም ማለት እኮ አቅቶታል፣ ትራስ ደራርቤለት ነው የሚያድረው፣ ዝቅ ሲል ይታፈናል፣ ሆስፒታል እንውሰደው። አኑሊ ናት ያለችው። በገዛ አፏ፣ በዚያ ለስላሳ አፏ። ማን ናት፣ ወንድሜን አታስፈራሪብኝ፣ ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርጊና ዘፍዝፊለት ያለችው? ማን ናት ኦኒቻ ከተማ ወርዳ ቡኒ ጫማ ገዝታ የመጣችው፣ ሰፊውን፣ ያበጠ እግር የሚችለውን፣ ይኸው ታላቅ እህት ያለው ሰው እያለች መንደሩን ያዞረችው?

በዚያው ጫማ ቀበሩት።

እና ለዚህ ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም፣ አኑሊ በሩ ላይ ቆማ ስለሰማቻት ነው፣ ይቺ ልጅ ጥፋተኛ ካልሆነች ጥፋቱ ማደሪያ የለውም፣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ እና ተቀመጪ አለቻት፣ ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ እግሯ እስኪነድ ድረስ። አኑሊ አንድም ቀን፣ አንድም ቀን ያን የጨው ውሃ አላነሳችባትም። ብታነሳባት ይሻል ነበር፣ ብትሰድባት፣ ፀጉሯን ብትነጫት።

ዛሬ ጠዋት አኑሊ ሳል ጀመራት፣ ከዚያ ደረቷን ይዛ ቀና አለች፣ ከንፈሯ አመድ መሰለ፣ ምግባፎም የኡዞንዱን አተነፋፈስ ሰማች፣ ያንኑ፣ ያንን ትንፋሽ የሚለምን ትንፋሽ፣ ብድግ አደረገቻት። ምግባፎ! ደንቡስ? አለች አንዷ፣ ሐዘኗን ሳትጨርስ ሰሌን ትለቃለች እንዴ? ደንቡን ቀቅለሽ ብዪው! አለቻት፣ እንዲያ ብላ ወጣች፣ ግን ይህን ቃል እስከ ዛሬ ለምን ያዘችው፣ ከአፏ ላይ ነበር እኮ፣ በነጋ በጠባ ከአፏ ላይ ነበር።

ድልድዩ። ተሻገሩ። የሆስፒታሉ በር፣ ጥበቃው፣ አልጋ አምጡ፣ ሰዎች እየሮጡ ተቀበሏት፣ ትከሻዋ ባዶ ሆነ፣ ቀለላት፣ ቀለላት ስትል ደግሞ ደነገጠች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ የሁለቱንም እግር ባት በሜትር ትለካለች፣ የግራውን ነካ ስታደርገው አኑሊ ትጮኻለች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ዛ... ዛሬ ልትል ነው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፣ ማን ያውቅባታል። ካለፈው የገበያ ቀን ጀምሮ፣ ትላለች። ነግራችሁ ነበር? ነግራኝ ነበር። እና? እና አስቀመጥኳት። ሐኪሟ ቀና ብላ ታያታለች፣ አትሳደብም፣ ምነው በሰደበቻት። ብዙ መቀመጥ እግሯ ውስጥ ደም አርግቶባት ይሆናል እማማ፣ ከዚያ ተቆርሶ ሳንባዋ ጋ ሳይደርስ አልቀረም፣ መድኃኒቱን ጀምረናል፣ ምርመራው ይታያል፣ ነገ ብትሉ ኖሮ ግን... አንድ እግር ብቻውን አብጦ ሲያቃጥል ለቅሶ ነው አይባልም፣ ያኔውኑ ነው የሚመጣው፣ ትንፋሽ ሲያጥርማ ደቂቃም አይጠበቅ።

ሁለቱም ከሆነስ? የማን ድምፅ ነው ይሄ? የእሷ ነው። ሁለቱም እግሩ አብጦ፣ ሲጫኑት ጉድጓዱ የሚቀር፣ ጋደም ሲል የሚታፈን?

ልብ ይሆናል፣ ኩላሊትም ሊሆን ይችላል፣ ትላለች ሐኪሟ እየጻፈች፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አለው። ማን ነው እሱ? ዛሬውኑ አምጡት።

ዛሬውኑ።

ምግባፎ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እሺ፣ ትላለች፣ እሺ አመጣዋለሁ፣ ግድግዳውን ትይዛለች፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ እማማ ይሏታል፣ አልቀመጥም፣ እኔን ተቀመጪ አትበሉኝ።

ነርሷ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጋ ትራሱን ታመቻቻለች። ጋደም በይ እህቴ፣ ደገፍ በይ፣ ዘና በይ። አኑሊ አትደገፍም። እግሮቿን ዘርግታ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ልክ ሰሌኑ ላይ እንዳስቀመጧት ቁጭ ብላለች። ከኦክስጅኑ ጭንብል ስር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ነርሷን አይደለም የምታየው፣ ሐኪሟንም አይደለም።

እትዬ፣ ትላለች፣ ልጋደም?