የማክሰኞ ቀማሽ

ስታርቹማ ታች ይዘቅጣል፣ አይሆንም፣ ብርጭቆው ሥር ነጭ ነገር ያየ በሽተኛ መድኃኒት የሌለበትን፣ ባዶውን እንደሰጠነው ያውቃል፣ ካወቀ ጥናቱ አለቀለት፣ የወተት ስኳሩ ጣዕሙ ልክ ነበር፣ ግን ስንቱ ሰው ወተት ሲነካ ሆዱ ይጮሃል፣ ምንም እንዳይሠራ የመረጥኩት ዱቄት ሆድ ከነፋ ምኑን ባዶ ሆነ፣ በዚያ ላይ ጿሚው አይቀምሰውም። መድኃኒቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አፍልቼ ገድዬም ሞከርኩ። የሞተውም ሆድ ገብቶ ዝም አይልም። የምፈልገው ዝም የሚል ነገር ነው፣ እንደ መድኃኒቱ የሚኮመጥጥ፣ እንደሱ እርጎ እርጎ የሚል፣ ገብቶ ግን ምንም የማያደርግ።

አግኝቼዋለሁ እኮ። ከበቆሎ የሚወጣው ዱቄት፣ ትንሽ የሎሚ አሲድ፣ የእርሾ ሽታ። ትናንት ቀመስኩት፣ ከመድኃኒቱ አልለየሁትም፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ።

ዛሬ ማክሰኞ ነዋ። ሙደሲር ይመጣል። ሌሎቹ ቀማሾች ባዶውን ከመድኃኒቱ መለየት ካቃታቸው ቆየ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ ወተት ፋብሪካ ውስጥ የተሳለ ምላስ፣ አንዴ ጎንጨት ብሎ ይሄ ነው መድኃኒቱ ይላል፣ ስቶ አያውቅም። ያቃተው ቀን ሥራው አለቀ፣ ፈርሞ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ያለውን የእኛን ደረጃ ምን ብሎ ይወጣል።

ሃኒ ከእንግዳ መቀበያው ትስቅብኛለች፣ አንቺ ልጅ፣ አራዳ ወንድ የምትጠራው በስልክ ነው፣ በባክቴሪያ ነው እንዴ። እሷ ምን አለባት። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ክረምቱ ገባ።

አሲዱን ትንሽ ባበዛውስ። በማንኪያ ጫፍ። ይለየዋል፣ ይመጣል። ዶክተር ቃለሕይወት ጠዋት ብቅ ብለው፣ ሚስራ፣ በሽተኞቹ እየጠበቁን ነው አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ መድኃኒቱን የምትጠብቅ አንዲት እናት በየቀኑ ትደውላለች፣ ልጄ፣ እህል ከበላሁ ቆየሁ ትለኛለች። ማንኪያውን አስቀምጠዋለሁ።

መድኃኒቱን ግን አልከፍትም። ሁለቱንም ብርጭቆ ከባዶው እቀዳለሁ። እንዲህ ይደረጋል፣ ቀማሽ በግምት እንዳይመልስ አንዳንዴ አንዱን ሁለት ጊዜ ትሰጪዋለሽ፣ ደንብ ነው፣ ደንብ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፣ አንድ ናቸው ይለኛል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፈተና አቀርባለሁ፣ መለየት ያቅተዋል፣ ይሄዳል። አንድ ብርጭቆ ያህል ጊዜ ነው የሰረቅኩት።

ደረጃው ላይ ኮቴ። ትከሻው በዝናብ ርሷል፣ ማርያም ጋ ታክሲ ጠፋ፣ በእግሬ መጣሁ ይላል፣ በእግሩ፣ በዚህ ዝናብ፣ ለሁለት ጉንጭ ውሃ። ቁጭ በል ሳልለው ብርጭቆዎቹን እገፋለታለሁ።

የግራውን ይቀምሳል። የቀኙን። ተመልሶ የግራውን፣ መልሶ ቀምሶ አያውቅም እኮ፣ ብርጭቆውን ይዞ የሚያየው እኔን ነው፣ መስኮቱን አያለሁ፣ የኮንዶሚኒየሙን በረንዳ፣ ሰው የረሳውን የተሰጣ ልብስ፣ በለው አሁን፣ አንድ ናቸው በልና ገላግለኝ።

የግራው መድኃኒቱ ነው ይላል። የቀኙ ትንሽ ይቀረዋል። የሚመጣው ማክሰኞ ብመለስ ይሻላል።

ምን አለ። ያ ምላስ፣ ስቶ የማያውቀው፣ ተሳሳተ ወይስ ዋሸኝ፣ ዝም ብል ይመጣል፣ ዝም ብል ያቺ እናት ሌላ ሳምንት ሳትበላ ታድራለች፣ አልችልም፣

ሙደሲር፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። አውቃለሁ ይላል። ማክሰኞ ግን ልምጣ።

የሚቀመስ ነገር እኮ አይኖረኝም፣ መድኃኒቱን ከፍቼ እውነተኛውን ፈተና አሁኑኑ አቀርብለታለሁ፣ ያልቃል፣ ያቺ እናት ትጠጣለች፣ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፣ እጄ ገና ማሸጊያው ላይ ነው፣ ና እለዋለሁ፣ ምንም የሚቀመስ የለኝም፣ ና።