ሰማያዊው ገመድ

ታናሽየውን «ገመድ ተሸካሚ» ብሎ የሰደበው የሟች ወንድሙ ሸሪክ ነው፤ በሐዘኑ በሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሻይ ሲዞር፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። አንዱ ለቀስተኛ ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያውን ቆም እንዳደረገ ሳይቀር ያስታውሳል።

ነገሩ የተነሳው ከሰርቨሩ ነው። ሟች ከሳሎኑ ጥግ ያቆመው ጥቁር ሳጥን ነው፤ ከሱ የሚወጣውን ሰማያዊ ገመድ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ሲያበሩት፣ ፍላሽ የለ ሲዲ የለ፣ አዲስ ሲስተም በራሱ ይጭናል። ታናሽየው «እኔ ልያዘው፣ የወንድሜ ነው» ከማለቱ፣

«አንተ?» አለ ሸሪኩ። «ገመድ ተሸካሚ! ከስድስተኛ ክፍል የወጣህ ሰውዬ ሰርቨር ልትይዝ? ወንድምህ ራሱ ምን ይልህ እንደነበር ልንገርህ? ጅሉ!»

ይቺ የመጨረሻዋ ውስጡ ገባች። የሞተ ሰው ተጠርቶ አይጠየቅ።

ሟች እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። የሞተውም በዚሁ ነው። ከሸሪኩ ጋር በከፈቱት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ በር ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር ተጣላ፣ ቀድሞ መታ፤ መልሱን ሲቀበል ወደ ኋላ ወድቆ ጭንቅላቱን የመንገዱ ጠርዝ አገኘው። አለቀ።

ከአራት ዓመት በፊት ታናሽየው የደንበኛ ኮምፒውተር ገመዱ ላይ ሰክቶ ቢያበራ፣ ሰርቨሩ ላጥፋ ወይ ሳይል ያለውን ሁሉ ጠርጎ አዲስ ጭኖበት ቁጭ አለ። ሟች የታናሹን እጅ ጠረጴዛው ላይ ያዘና በመዶሻ ጣቱን ሰበረው። ወዲያው ደግሞ የገመድ መሸፈኛ ፕላስቲክ ቆርጦ ጣቱን ደገፈለት፤ በፕላስተር ጠቀለለለት። «ሁለተኛ እንዳትረሳ» አለው። አልረሳም።

በሦስተኛው ቀን ሸሪኩ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። እናትየው ከሩቅ መጥተው ቀብሩ ላይ አልደረሱም፤ «ድምፁን ብቻ አሰሙኝ» እያሉ ነው የሰነበቱት። ሟች ሲስቅ፣ ሲቀልድ፣ ሰው ሲያማ የተቀረፀበት ቪዲዮ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ታናሽየውም ሊሰማው ጓጉቷል፤ ስለሱ አንድ ነገር ብሎ ይሆናል።

«መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ላስቀምጥልዎት እማማ፣ እንዳይጠፋ» አለ ሸሪኩ። ገመዱን ስቦ ሰካ።

ያ ላፕቶፕ የሱቁ መሞከሪያ ነበር። ሲበራ ሳይጠይቅ በቀጥታ ከገመዱ አዲስ ሲስተም እንዲጭን ያስተካከለው ሟች ራሱ ነው። ታናሽየው ብድግ አለ።

«ቆይ፣ እሱን እኮ...»

«ተቀመጥ አንተ ጅሉ! ሰው ሲሠራ አትንጫጫ!»

ተቀመጠ። አፉን ዘጋ። ሸሪኩ ማብሪያውን ተጫነ፤ ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ያለውን ሁሉ እየጠረገ መሆኑ ሲገባው ገመዱን መንጭቆ ነቀለ። ረፍዶበታል።

«አውቀህ ነው! አውቀህ ነው ዝም ያልከው!»

ጉሮሮውን አነቀው። ታናሽየው በግንባሩ አፍንጫውን ሲለው ተያይዘው ወደቁ፣ የሻይ ትሪው ከነብርጭቆው ተገለበጠ። ከላይ ሆኖ በዚያችው ጣቷ በተጣመመች እጁ ደጋገመው፤ ሦስት ሰው ጎትቶ እስኪያላቅቀው ድረስ የሚመታውን ፊት እንኳ አላየም።

«ቁርጥ ወንድሙን!» አለ አንዱ ለቀስተኛ፣ ሳያስበው።

እናትየው ባዶውን ስክሪን አዩ፣ ከዚያ ታናሽየውን።

«ልጄ» አሉ፣ «ታውቅ ነበር?»

ገመዱን ከፈሰሰው ሻይ ውስጥ አነሳ፤ በሸሚዙ ጠረገው። ወንድሙ እንዳስተማረው፣ በመዳፉና በክርኑ ዙሪያ፣ እንዳይጣመም ቀስ እያለ ጠቀለለው። ጫፉን አስሮ እግራቸው ሥር አስቀመጠና በሩን ከፍቶ ወጣ።