ኮቱን የሰቀለው ሰው

የመጽሐፉ ረቂቅ እጄ የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ የፊደል ግድፈት መልቀም እንጂ ስለ ይዘቱ አስተያየት መስጠት አይደለም። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር በገበያና በመንገድ ስለ ገንዘብ የሚባሉትን ቃላት ከነምንጫቸው ሰብስቦ ነበር። ለ«አየር ባየር» አንድ ገጽ ተኩል ሰጥቶታል። «ከ» ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ኮቱን ሰቀለ፦ የሰው ገንዘብ ይዞ ጠፋ። ምንጩ፦ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ጥቁር ኮቱን የሱቁ በር ላይ ሰቅሎ በጓሮ መስኮት ሾልኮ አመለጠ። በዱቤ ጨርቅ የሰጡት አከፋፋዮች ‹ኮቱ አለ፤ እሱም አለ› እያሉ ሻይ ሲጠጡ ሦስት ቀን ጠበቁት።»

ነጋዴው አባቴ ነው።

በጨርቅ ተራ ያን ጊዜ አንድ ልማድ ነበር። ባለሱቅ ጠዋት ሲገባ ኮቱን በሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላል። ኮቱ ካለ ባለቤቱም ቃሉም አለ ማለት ነው፤ አከፋፋይ ሳይጠራጠር በዱቤ ያራግፋል። ኮት ከሌለ አንድ ጣቃ አይወርድም። አባቴ ለታናሽ ወንድሙ ብድር ዋስ ሆኖ ነበር። የመክፈያው ቀን ሲደርስ አበዳሪው እንዲታገሳቸው ሊለምን ሌላ ከተማ ሄደ። ሱቁ እንዳይዘጋ ብሎ ኮቱን እዚያው ተወው፤ ወንድሙንም አስቀመጠበት። በአራተኛው ቀን ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። አጎቴ ጨርቁን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ጨርሶታል። ለጠየቀው ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ እኮ ኮቱን ሰቅሎልን ሄደ።»

ሰው ሳቀ። የሳቁበት ነገር ደግሞ አይረሳም። ወረቀቱ ሁሉ በአባቴ ስም ስለነበር ስምንት ወር ታሰረ። ፍርድ ቤት ቆሞ የወንድሙን ስም አላነሳም። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እሷ ከሞተች በኋላ የሚያውቀው የለም፤ ከሁለቱ ወንድማማቾችና ከእኔ በቀር። አባባሉ ግን ከተማውን አዳረሰ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆች ላጲስ ተዋውሰው ሲካካዱ «ኮቱን ሰቀለብኝ» ሲሉ እሰማ ነበር። ዝም እል ነበር።

መጽሐፍ ላይ ሲወጣ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። መምህሩ ቤት ሄድኩ።

«ምንጩ አይታወቅም ብለው ይጻፉት» አልኩት።

«ልጄ፣ አርባ አንድ ‹አይታወቅም› አለኝ። የ‹ጨላ›ን ምንጭ እንኳ አላገኘሁም። አንባቢ ‹አላውቅም› የሚል ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ምን ብሎ ይገዛል?»

«እንግዲያው እውነቱን ይጻፉ።»

«ከማን አፍ?»

«ከአባቴ።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ሰውየው በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ራሳቸው ከነገሩኝ፣ የነገሩኝን እጽፋለሁ። ቃሌ ነው።»

ሐሙስ ለአባቴ ነገርኩት። «ይምጣ» አለ። እሺታ መሰለኝ።

አባቴ የሚኖረው አጎቴ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከውኃ ጋኑ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል። የደም ግፊት መድኃኒቱን በየወሩ የሚገዛለት አጎቴ ነው። ቅዳሜ መምህሩን ይዤ ስደርስ አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ሻይ ሳልቀዳ አጎቴ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ገባ።

«ጋሼ እንግዳ መጥቶበት እኔ ልቀር?» አለና በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

መምህሩ ደብተሩን ገለጠ። «የኮቱን ነገር እስቲ ከእርስዎ አንደበት ልስማው።»

አባቴ እኔን አየ። ከዚያ መስኮቱ ላይ የተደረደረውን መድኃኒት አየ። አጎቴ ስኳሩ ድሮ የሟሟ ሻይ ያማስላል።

«መስኮቷ ጠባብ ነበረች» አለ አባቴ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ያን ጊዜ ሆዴም ቀላል አልነበረም። ግማሼ ወጥቶ ግማሼ ቀረ። ከፊት በኩል ይሰማኛል፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ። ‹ኮቱ አለ› ይላል አንዱ። ‹አዎ፣ እኔም አለሁ፤ እግሬን ግፉልኝ› ልላቸው ትንሽ ነው የቀረኝ።»

መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እየሳቀ ይጽፋል። አጎቴ ዘግይቶ ሳቀ። «ጋሼ እኮ ጨዋታ ያውቅበታል» አለ።

«አባዬ» አልኩ።

«ሻይ ጨምሪላቸው፣ ልጄ።»

ጨመርኩላቸው።

እንግዳውን ሸኝቼ ስመለስ አጎቴ ወንበሩን ይዞ ሄዷል።

«ለምን?» አልኩት አባቴን።

«እውነቱን ብናገር ዛሬ የት አድራለሁ? አንቺ ጋ?»

እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው የምኖረው። ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ራሱ ቀጠለ።

«ደግሞ የወንድሜ ልጆች አሉ። የአጎታቸውን ሌብነት ለምደውታል። የአባታቸው ይከብዳቸዋል።»

«የእኔስ አባት?» አላልኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት የመጨረሻው ረቂቅ መጣ። መምህሩ ቃሉን ጠብቋል፤ የተነገረውን ጽፏል። መስኮቷም፣ ሆዱም፣ ግማሽ አካሉም አሉ። መጨረሻ ላይ «ከባለታሪኩ አንደበት» የሚል ተጨምሮበታል። ወስጄ ለአባቴ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ስሕተት አለበት» አለ።

ወረቀቱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። «የቱ ጋ?»

«ኮቱ ጥቁር አይደለም። ቡናማ ነው። ጨርቁን የመረጠችው እናትሽ ናት።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ይሁን።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ጥቁር» የሚለውን ሰርዤ በላዩ ቡናማ ብዬ ጻፍኩ።