አንደኛ፦ ደውዪልኝ

ስልኩ «ቦታ የለም» ማለት የጀመረ ቀን እምዬ መግቢያ መውጫው ጠፋቸው።

እምዬ የቤቱ አያት ናቸው። በልጅነታቸው ጥቂት ክፍል ተምረዋል፤ ፊደል አይጠፋቸውም። ብቻ የስልክ ጽሑፍ ደቃቅ ነውና ዓይናቸውን ያደክመዋል። ለዚህም ነበር የልጅ ልጃቸው ማሙሽ መልእክቱን በድምፅ ይልክላቸው የነበረው። ማሙሽ ይባል እንጂ ጢም ካበቀለ የከረመ ሰው ነበር፤ ሥራው ድረ ገጽ መሥራት። አንድ ጠዋት በብስክሌቱ ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና ገጨው። የራሱ ስልክ አብሮት ደቀቀ፤ ድምፁ እምዬ ስልክ ውስጥ ብቻ ቀረ።

እናቱ፣ የእምዬ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ልስማው ብላ አንዴ ጀምራ «ሃሎ እምዬ» ከምትለዋ ማለፍ አቃታት። ስልኩን ለእናቷ መለሰችላቸው።

«አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። አሁን ከሰማሁት እፈርሳለሁ። አቅም ሳገኝ እሰማዋለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እምዬ ስልኩን እንደ እንቁላል ያዙት። መታጠቢያ ቤት ሲገቡ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ይገባሉ። ቻርጅ ላይ ሲሆን ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ጀርባውን እየዳሰሱ «ጋለ፣ ጋለ» ይላሉ። ልጃቸው «ኧረ ተይው፣ አይሞትም» ስትላቸው እጃቸውን አያነሱም። ያኛውም አይሞትም ተብሎ ነበር።

ማሙሽ የመጣለትን የሚጽፍበት የራሱ ድረ ገጽ ነበረው። ግማሹ የሙያ ጓደኞቹ ብቻ የሚገባቸው ነገር ነው። ግማሹ ደግሞ የብስክሌት ሰንሰለት እንዴት እንደሚቀባ፣ ቲማቲም በአሮጌ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚበቅል፣ ኪቦርድ ላይ ሻይ ሲፈስ ምን እንደሚደረግ ነው። አንዱን ክፍል «ለእምዬና ለመሰሎቿ» ብሎ ሰይሞታል፤ እዚያ ፊደሉን የሚያተልቅ ቁልፍም ሠርቶላቸዋል። እምዬ እሱ ካለፈ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሳያነቡት አይውሉም። ኪቦርድ የሚባል ነገር በቤታቸው ሳይኖር አጸዳዱን በቃላቸው ይዘውታል።

እንግዲህ ስልኩ «ቦታ የለም» ሲል ሐሳብ ገባቸው። አዲስ ነገር በገባ ቁጥር የቆየው ቢገፋስ? የማሙሽ ድምፅ ተገፍቶ ቢወጣስ? ልጃቸው ሥራ ላይ ናት፤ ለሷ መንገር ማስደንገጥ ነው። ደግሞስ ለምን ሰው ይቸገራል፣ ማሙሽ ራሱ ጽፎት የለ? መነጽራቸውን አድርገው «ስልክሽ ሲሞላና ሲንቀራፈፍ» የሚለውን ከፈቱ።

«አንደኛ፦ ምንም ሳትነኪ ደውዪልኝ። ቀልዴን አይደለም እምዬ፣ ደውዪ» ይላል።

ከግርጌው አንድ ሽማግሌ አስተያየት ጽፈዋል፦ «የኔዎቹ ስልክ አያነሱም። ላንተ ልደውል?» ማሙሽም መልሶላቸዋል፦ «ይደውሉ አባባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ይማሩኝ።»

እምዬ ፈገግ ሊሉ ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አዬ ልጄ» አሉ። አንደኛውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ወደ ሁለተኛው አለፉ። ምን ያድርጉ።

ሁለተኛውን አደረጉ። ሦስተኛውንም። በአራተኛው ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። ጣታቸውን መለሱ። ማሙሽ ግን «እርግጠኛ ነሽ ወይ ይልሻል፤ አትፍሪ፣ እሺ በይው» ብሏል። እሺ አሉት።

ስልኩ ጠፋ። ቆይቶ በራ። «እንኳን ደህና መጡ፤ ቋንቋ ይምረጡ» አላቸው፣ አይቷቸው እንደማያውቅ እንግዳ።

ማሙሽ ይሠራበት የነበረው ቢሮ ሩቅ አልነበረም። እምዬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። የማሙሽ ወንበር ላይ የማያውቁት ሰው ጃኬት ተሰቅሏል። አጠገቡ ትሠራ የነበረችው፣ ማሙሽ ቀጮ የሚላት ልጅ፣ ስታያቸው ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እማማ፣ ምነው በእግርዎ? ደውለው ቢጠሩኝ እኔ አልመጣም?»

«በምን ልደውል የኔ ልጅ? እዪው።»

ቀጮ ስልኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ ከኮምፒውተሯ ጋርም አገናኘችው። እንደገና ነቅላ ሰካችው። እምዬ ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

«ፊደል አልሳትኩም» አሉ። «እንደጻፈው ነው ያደረግኩት።»

ቀጮ ገጹን ከፍታ አነበበች። አንደኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እማማ፣ ይኼ ነገር ስልኩን ባዶ ያደርገዋል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሲደውልለት ቅጂውን አስቀድሞ የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንደኛው እሱ ራሱ ነበር።»

«እና እኔ ለማን ልደውል ኖሯል?»

ቀጮ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ነቀለችው።

«ድምፁ አይገኝም?»

«አይገኝም፣ እማማ።»

እምዬ የወንበሩን ጠርዝ ያዙ። ቀጮ ውሃ ሰጠቻቸው። ቤታቸው ድረስ ስትሸኛቸው «የገጹ የይለፍ ቃል እኔ ጋ ነው። አንደኛውን ላስተካክለው? ሌላ ሰው እንዳይሳሳት» አለቻቸው።

«እሱ የጻፈውን እንዳትነኪ» አሉ እምዬ።

ልጃቸው ማምሻውን ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ገባች። «ምነው ፊትሽ?» አለች።

እምዬ ቀኑን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ የቆዩት ነገር ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አጠፋሁት» አሉ። «እንዳይጠፋ ብዬ አጠፋሁት።»

ልጃቸው አልጮኸችም። ጋዋኗን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ስልኩን አብርታ ባዶውን መስኮት አየች፤ መልሳ አጠፋችው።

«አንቺ ሰምተሽዋል አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ።»

«ምኑን ልጄ?»

«ያለውን። እንዳለው አድርገሽ።»

እምዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሃሎ እምዬ፣ ዛሬ ደምኗል፣ ጃንጥላ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ሃሎ እምዬ፣ መጣሁ፣ በሩን ክፈቺልኝ፣ ቁልፌን ረስቻለሁ።» ልጃቸው ጠረጴዛውን እያየች ትሰማለች። «ሃሎ እምዬ፣ እናቴ ስልክ አታነሳም፤ ምሳዋን እንዳትዘል ንገሪያት።»

«ይኼንን አልነገርሽኝም» አለች ልጃቸው።

«ያኔ ትንሽ ነገር መሰለኝ።»

ልጃቸው አፏን በጋዋኗ እጅጌ ሸፈነች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይስቃል።»

«እንዴት አድርጎ?»

እምዬ አፋቸውን ከፈቱ። ያ ሳቅ ጆሯቸው ውስጥ አለ፤ ከአፍንጫው ጀምሮ ሳል የሚያስመስለው፣ መጨረሻው የሚቆራረጠው። ከሳቸው የወጣው ግን የአሮጊት ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እንደገና ሞከሩ። ልጃቸው ተነሥታ መጥታ ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «ተይው በቃ» አለች፤ «ተይው እማዬ።»

በማግስቱ እምዬ በልጃቸው ስልክ ለቀጮ ደወሉ።

«የሱን እንዳትነኪ ብዬሽ የለ» አሉ። «ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሪልኝ። የሚደውሉለት የሌላቸው ስንት አሉ። እነሱ ያሳስቡኛል።»

«እሺ እማማ። ምን ልበል?»

«ደውለሽ ካላነሳ፣ ምንም አትንኪ።»

የምትጽፍበት ድምፅ በስልኩ ተሰማቸው፤ ፈጣን፣ ልክ እንደሱ። ከዚያ ቆመ።

«ከማን ልበለው?»

«ከእምዬ» አሉ። «ለመሰሎቿ።»